የአድዋን ዐውደ ውጊያ በገበታ ላይ ስለ ማበጀት

የቀድሞ ዘመን ጦርነትን በገበታ ላይ ለመጫወት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የወታደሮቹን ምስል ለመግዛትና ለመቀባት ይቸኩላል፤ ነገር ግን ሠራዊትን የሚያሰልፈውም የሚበትነውም መልክዐ ምድሩ ስለ ሆነ፣ ሥራው ከምድሩ ሊጀመር ይገባዋል። ለዚህም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የአድዋ ጦርነት በቂ ምስክር ነው። የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ለጦር አለቆቹ የሰጠው ንድፍ የእንዳ ኪዳነ ምሕረትን ስም በሌላ ኮረብታ ላይ ጽፎ ስለ ነበር፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ እውነተኛውን ስፍራ ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ሄደና ለብቻው ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ገጠመ።

አንደኛ፤ ምንጮችን ማመሳከር። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕል ባራቲዬሪ ከጻፈው የትዝታ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን እያነበቡ፣ ስፍራውን፣ ሰዓቱንና የጦር አለቃውን በሦስት ዓምድ መመዝገብ ነው። በሁለት ምስክር የጸናው በቀለም፣ በአንድ ብቻ የተገኘው በእርሳስ ይጻፍ። የአውሮጳውያን ሰዓት ከእኛ በስድስት እንደሚለይም አይዘንጋ።

ሁለተኛ፤ ወሰን መቁረጥ። ኢጣልያኖች በሌሊት የተነሡበት ሳውርያ ከገበታው ውጭ ቢቀር አይጎዳም፤ እንዳ ኪዳነ ምሕረት፣ ኢጣልያዊው ጄኔራል አሪሞንዲ የተዋጋባቸው የበላሕና የራዮ ተራሮች፣ ባልደረባው ጄኔራል ዳቦርሚዳ የወደቀበት የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ግን ሊቀሩ አይችሉም።

ሦስተኛ፤ መስፈርት። በ1፡50,000 የተነሣ ካርታ ዐሥር እጥፍ ሲሰፋ 1፡5,000 ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሜትርም በገበታው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር በ8 የሆነ ምድር 2 ሜትር በ1.60 ገበታ ይበቃዋል፤ ከዳር የቆመ ተጫዋችም እጁን ዘርግቶ መካከሉን ይደርሳል።

አራተኛ፤ ከፍታ። በዚሁ መስፈርት 20 ሜትር ከፍታ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ የዚህን ያህል ውፍረት ያለው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን በየከፍታው መስመር እየተቆረጠ፣ በኮላ እየተጣበቀና ክብደት ተጭኖበት እያደረ ይነባበራል፤ ደረጃውም በጄሶ ይለሰልሳል። ሜዳማ አገር የሚሠሩ ሰዎች ኮረብታውን ከልኩ በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ የአድዋ ተራሮች ግን በተፈጥሯቸው ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ ጭማሪ አያሻቸውም። ወሩ የካቲት፣ ወቅቱም በጋ ነውና ሣሩ የገለባ መልክ ይኑረው፤ ለምለም አረንጓዴ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ይተው።

አምስተኛ፤ ሠራዊት። በዚህ ገበታ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ምስል በምድሩ ልክ ቢቈጠር 75 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ምስሉ ምልክት እንጂ ልክ አይደለም፤ የሚለካው የቆመበት ሰሌዳ ስፋት ነው። 200 ሜትር ግንባር የያዘ ሻለቃ 4 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ ይሰጠዋል። አንድ ምስል ስለ 200 ሰው ቢቆም፣ ወደ 17,700 ለሚገመተው የባራቲዬሪ ጦር 90 ያህል፣ 100,000 ለሚባለው ለዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት 500 ምስል ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ከእንዳ ኪዳነ ምሕረት እስከ ማርያም ሸዊቶ ክር ወጥሮ፣ በመካከል የቆመው ተራራ ክሩን መከልከሉን መመርመር ይገባል። አልቤርቶኔና ዳቦርሚዳ ሊረዳዱ ያልቻሉበትን ምክንያት ገበታው በዓይን ካላሳየ፣ ምስሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ሥራው አልተፈጸመምና ወደ ካርታው መመለስ ግድ ነው።