ሠረገላ የማያውቀው መንገድ

ስለ ጥንታዊ መንገድ ሲነሣ አብዛኞቻችን የሮማውያንን የድንጋይ ንጣፍ እናስታውሳለን። የአንዲስ ተራሮች ኢንካዎች ግን እስፓኞች እ.ኤ.አ. በ1532 እስከደረሱባቸው ድረስ ሠረገላም ፈረስም አልነበራቸውም፤ በመንገዳቸው የሚመላለሱት እግረኛውና ላማ የተባለው የጭነት እንስሳ ነበሩ። ስለዚህም ዳገቱ ሲበረታ መንገዱን ወደ ድንጋይ ደረጃ ይለውጡት፣ ለጎርፉም ማፋሰሻ ቦይ ያበጁለት ነበር።

ገደሉንስ? በሣር ድልድይ! በፔሩ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ የተዘረጋው፣ 28 ሜትር ያህል የሚረዝመው የቀስዋቻካ ድልድይ የዚህ ጥበብ ቅሪት ነው። ደካማ ነው ለማለት አንቸኩል፤ ቀጫጭኑ ገመድ ደጋግሞ ተጎንጉኖ ሲወፍር ሸክሙን እጅግ ብዙ ክሮች ይካፈሉታል። ሣር ግን ይበሰብሳልና የአካባቢው ነዋሪዎች በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እድሳቱ ተቋረጠ፤ በ2021 ድልድዩ ተበጥሶ ወደቀ። በዚያው ዓመት መልሰው ገመዱት።