ስልካችን የሚቆጥረው ሰዓትና እኛ የምንቆጥረው

ስለ ዘመናዊ ዕቃዎች የምናሰማው እሮሮ ብዙ ነው። የባትሪ ማለቁንና የኔትወርክ መጥፋቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ጣጣ ብቻ እንነጋገር። እርሱም በእጅ ስልካችን ላይ የሚታየው ሰዓት ነው።

ትንሽ ያልነው ስላልጎዳን አይደለም። ከመዘምራኖቻችን አንዱ ባለፈው ዓመት ለሥራ ተወዳድሮ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። ለቃል ፈተና «ሐሙስ 8:00» የሚል አጭር መልእክት ደረሰው። ልጁም እንዳይዘገይ ብሎ በማለዳ ከኢታንግ ተነሥቶ በአራት ሰዓት ጋምቤላ ገባ፤ ባሮ ዳር ከማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን እየወለወለ ስምንት ሰዓት እስኪደርስ ጠበቀ። ሲሄድ ግን የበሩ ዘበኛ «ልጄ፣ ጠዋት እኮ ነበር፤ ሁሉም ተፈትነው ሄዱ» አሉት። መልእክቱ በስልክ አቆጣጠር የተጻፈ ኖሮ፣ 8:00 ማለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ከማንጎው ሥር አረፍ ሲል ቀጠሮው ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። እናቱ ለመሳፈሪያ የሰጡት ገንዘብ ደግሞ ከጎረቤት የተበደሩት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ግን ከንጋት እንቆጥራለን፤ ልዩነቱም 6 ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ኢታንግ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እንደ ቀረው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን በሙሉ ብዙም አይበላለጡም። በሰሜን አውሮፓ ግን ፀሐይ በአንዱ ወቅት ገና በሌሊት፣ በሌላው ወቅት ረፋድ ላይ ስለምትወጣ ከንጋት መቁጠር አይመችም። በወንጌል በአሥራ አንድ ሰዓት ስለ ተቀጠሩት የወይን ቦታ ሠራተኞች ስንማር፣ ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ብቻ እንደ ቀረ ለእኛ ሕፃናት እንኳ ማስረዳት አያስፈልግም። ሠለስቱም፣ ቀትሩም፣ ተሰዓቱም የሚቆጠሩት በዚሁ ነው።

(እውነቱን ለመናገር የእኛም ሰዓት ቢሆን ለኢታንግ ልክ አይመጣም። ኢታንግ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 4 ዲግሪ ተኩል ያህል ትርቃለች፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ ፀሐይ እኛ ዘንድ የምትደርሰው 18 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ለማለዳ ጸሎት የሚያረፍዱ ወንድሞቻችን ይህን ሰበብ ባያነቡት ይሻላል!)

ባለ መርፌው የእጅ ሰዓት አያስቸግርም ነበር። አጭሩ መርፌ ከሚያመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን ማንበብ ይበቃል፤ መርፌው 9 ላይ ከሆነ ትይዩው 3 ነው። ቁጥር ብቻ የሚያሳየው ስልክ ይህን ዘዴ ወሰደብን።

የሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። «አውቶቡሱ ረቡዕ ሌሊት አሥር ሰዓት ይነሣል» ስንባል ለሐሙስ አጥቢያ እንደ ሆነ እናውቃለን። በስልኩ ግን ቀኑ በእኩለ ሌሊት ስለ ተለወጠ ሐሙስ 4:00 ነው። ደወሉን ረቡዕ 4:00 ላይ የሞላ መንገደኛ አንድ ቀን ቀድሞ መናኸሪያ ይገኛል። ከድንበር ማዶ ዘመድ ላለን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ደቡብ ሱዳን በጥር 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ባሮ ወርዶ ሶባት በሚባልበት አገር ያለች አክስት «በ9:00 ደውሉልኝ» ብትል፣ የእኛ ስልክ 10:00 ይላል፤ በአፋችን ደግሞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በስልኩ ላይ መጫን አይገባንም። እርሱ የታዘዘውን ይቆጥራል፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሳይ ፕሮግራምም ሊጫንበት ይችላል። ግራ የሚያጋባው ተምረናል የምንለው የእኛ ልማድ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ 8:00 ብለን ክፍል እንገባለን፤ ቤት ስንመጣ ለእናታችን ሁለት ሰዓት እንላለን፤ መልእክት ስንጽፍ ግን ቁጥሩን ብቻውን እንልከዋለን። ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን እኛው ራሳችን «ልምምድ 3:00» ብለን ላክን። ከሰዓት በኋላ ማለታችን ነበር። ስልክ አዘውትረው የማይጠቀሙት በጠዋት መጥተው በሩን ዝግ አገኙት፤ ከእነርሱም ሁለቱ እኅቶች ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ብሎ መጨመር አንድ ቃል ብቻ ነበር። እስካሁንም ሄደን ይቅርታ አልጠየቅናቸውም።

ያ ጓደኛችን ዘንድሮ እንደገና አመልክቷል። የቀጠሮው መልእክት እንደ ደረሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር ደውሎ «ከጠዋቱ ነው ወይስ ከቀኑ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሰሌዳችን ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የጻፈውም እርሱ ነው፤ «ልምምድ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ስልካችሁ 15:00 ሲል» ይላል።