በነፍስ አድን ሰዓት የሚሰጥ መድኃኒት፦ የነርሶች ጥንቃቄና የቤተሰብ ድርሻ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ ትንፋሹ ያጠረው ወይም ልቡ የቆመ ሕሙም በማንኛውም ጤና ተቋም ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። በአሶሳ ከተማም ሆነ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች አብረው በሚኖሩበት በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ስፍራ፣ በጉባ ወረዳ፣ በዚያች ሰዓት መድኃኒቱን አዘጋጅቶ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ነው።

የሥራውን ክብደት አድሬናሊን ያሳያል። ልቡ ለቆመ አዋቂ 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሰጣል። ሕይወትን ለሚያሰጋ አለርጂ ግን ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ ይወጋል። ለቆመ ልብ የታዘዘው መጠን ልቡ እየመታ ላለ ሰው በደም ሥር ቢገባ የልብን ምት በአደገኛ ሁኔታ ሊያዛባ ይችላል። ለሕፃናት መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ አንዲት ነጥብ ስፍራዋን ብትስት መጠኑ 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለማን፣ ምን ያህል፣ በየት በኩል እንደሚሰጥ መለየት ያስፈልጋል።

ወረርሽኙ ችግሩን አክብዶት ነበር። ጭምብልና የፊት መከላከያ ድምፅን ያፍናሉ፤ ድርብ ጓንት ብልቃጥ መስበርን ያስቸግራል። የቆላው ሙቀትም በጥንቃቄ ያልተቀመጠን መድኃኒት ኃይል ያዳክማል። በመሆኑም ነርሶች የሚከተሉትን ይፈጽማሉ፦

• የቃል ትእዛዝን ጮክ ብለው ይደግማሉ፤
• የብልቃጡን ጽሑፍ ለሁለተኛ ባለሙያ ያሳያሉ፤
• በሲሪንጁ ላይ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ይጽፋሉ፤
• የተሰጠበትን ደቂቃ ይመዘግባሉ፤
• ተመሳሳይ ብልቃጦችን ለየብቻ ያስቀምጣሉ።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሕሙሙ አለርጂ ካለበት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የባህል መድኃኒት ጭምር ከወሰደ ሳይደበቅ ይነገር። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይምጡ። የሕፃኑ ክብደት ከታወቀ ይገለጽ። በርታኛ፣ ጉሙዝኛ ወይም ሺናሽኛ ብቻ ለሚናገር ሕሙም ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጭምብል አድርጎ ቃሉን ያስተርጉም፤ ሌሎች አስታማሚዎች ከክፍሉ ውጭ ይጠብቁ።

ነርስ ብልቃጡን ዳግም ስታነብ የሚያልፉት ጥቂት ሴኮንዶች የሕክምናው ክፍል ናቸውና አስታማሚ በችኮላ ሊያቋርጣት አይገባም።