የሬሳ ሙቀትና የሞት ሰዓት

ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነገር ይሄዳል። ይህንን በፊዚክስ ክፍል ሁላችንም ተምረነዋል። ይኸው ሕግ ፍርድ ቤት ድረስ እንደሚዘልቅና የሰው ነፃነት እንደሚወሰንበት ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልንም።

በሕይወት ያለ ሰው የሰውነቱ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሲሞት ሬሳው እየበረደ ሄዶ ከአካባቢው አየር ጋር ይስተካከላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዴቪ ሬሳን በቴርሞሜትር እየለካ ያጠናውን በ1839 አሳተመ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ «ሬሳ በሰዓት 1.5 ዲግሪ ፋራንሃይት ይቀዘቅዛል» የሚል ቀላል ሒሳብ ተለመደ። ይህም 0.83 ሴንቲግሬድ ያህል ነው።

ሒሳቡ ለምን አያስተማምንም?

1ኛ/ ትኩስ ሻይ በመጀመሪያ ቶሎ፣ ኋላ ግን ቀስ እያለ ይበርዳል። ኒውተን በ1701 እንዳስረዳው የመቀዝቀዝ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ልዩነት ነው።

2ኛ/ ሬሳ እንደ ሻይ ብርጭቆም አይደለም። የውስጡ ሙቀት ወደ ቆዳ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ብዙም አይወርድም። ማርሻልና ሆር ይህንን በ1962 በቀመር አስቀመጡት። ጀርመናዊው ሄንስገ ደግሞ በ1988 ክብደትን ጨምሮ የሚነበብ ሠንጠረዥ አወጣ።

3ኛ/ ልብስ፣ ነፋስ፣ ውሃና ከሞት በፊት የነበረ ትኩሳት ውጤቱን ይለውጣሉ። እንደ አፋር ባለ ቆላ አየሩ ራሱ 37 ዲግሪ ሲደርስማ ዘዴው ጭራሽ አይሠራም።

ምሳሌ እንውሰድ። ልብስ ያልለበሰ ሬሳ 20 ዲግሪ በሆነና ነፋስ በሌለበት ቤት ተገኘ እንበል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በፊንጢጣ ሲለካ 29 ዲግሪ ሆነ። በቀላሉ ሒሳብ ከሞተ 9 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ሞቱ ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። በሄንስገ ዘዴ ግን ክብደቱ 70 ኪሎ ከሆነ 14 ሰዓት፣ 50 ኪሎ ከሆነ 10 ሰዓት ተኩል ያህል ይመጣል። ያውም ከ100 ግምት 95ቱን ለማካተት ወዲያና ወዲህ 2.8 ሰዓት መተው አለበት። ስለዚህ የ70 ኪሎው ሰው የሞተው ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

እንግዲህ እናስተውል! ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ብቻውን የነበረ ንጹሕ ሰው በቀላሉ ሒሳብ ይጠረጠራል። ገዳዩ ግን በዚያው ሰዓት ከሰዎች ጋር ሲጫወት ስለታየ ነፃ ይወጣል። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የዋሸው አንዷን ቁጥር ይዞ የሮጠው ሰው ነው።

ይህንን ለተማሪዎች ለማሳየት ሬሳ አያስፈልገንም። ሁለት እኩል ጠርሙሶች በሙቅ ውሃ እንሙላ፤ አንዱን በጋቢ እንጠቅልል፣ ሌላውን ራቁቱን እንተው። በየ5 ደቂቃው እየለካን በግራፍ ወረቀት ላይ ብናሰፍር ሁለቱ መስመሮች ሲለያዩ እናያለን። ከዚያ ጋቢውን ለማያውቅ ተማሪ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሰጥተን «ውሃው መቼ ተቀዳ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ሲሰጥ «ስንት ደቂቃ ልትሳሳት ትችላለህ?» ማለትንም አንርሳ። ይህንን ጥያቄ ከልጅነቱ የለመደ ተማሪ ነገ ዳኛ ወይም መርማሪ ሲሆን ለሰው ሕይወት ይጠነቀቃል።