ስለ ጀልባ ሞተር መለወጥና ስለ ባትሪ ጕልበት

በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ወንዝ አግዶ በአዳማ አቅራቢያ ሰፊ ሐይቅ አስገኘ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ የዝዋይ ሐይቅ አለ። በእነዚህ ውሃዎች ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምድ ሰው በጀልባው ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢያደርግ ከነዳጅ ወጪ ይድናል። ዳሩ ግን ሞተር ኃይልን ይበላል እንጂ አይወልድም፤ የሚመግበው ባትሪው ነው።

12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ፥ ዕድሜው እንዳያጥር፥ ከግማሹ በላይ ሊሟጠጥ አይገባም፤ እንግዲህ ለሥራ የሚውለው 50 አምፔር ሰዓት ነው። በዚህም 25 አምፔር የሚስብ ሞተር ቢበዛ 2 ሰዓት ይሠራል። 50 አምፔር በሚስብ ብርቱ ሞተር የተለወጠ እንደ ሆነ ግን 1 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የእርሳስ ባትሪ በኃይል በተሳበ መጠን የሚሰጠው ያንሳልና።

24 ቮልት ለሚሻ ሞተር ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ እነርሱም በዓይነት፥ በመጠንና በዕድሜ እኩል ይሁኑ። ከሥራ በተመለሱም ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሞሉ።

የጀልባን ፍጥነት እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል 8 እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ በዝግታ የሚሄድ ሩቅ ይደርሳል።

ነፋስ በተነሣ ጊዜ በሐይቅ መካከል ባትሪው ያለቀበት ዓሣ አጥማጅ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና የጀልባ ባለቤቶች ሞተር ከመለወጡ አስቀድሞ የባትሪውን ልክ ያስመርምሩ፤ ለመመለሻ የሚበቃ ኃይል ይቀመጥ፤ መቅዘፊያም ከጀልባው አይታጣ።