ስለ ንዝንዝ የመምህርና የደቀ መዝሙር ምልልስ

በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት፣ ፀሓይ ስትዘቀዝቅ በሽንኩርት ማሳ ዳር የተቀመጡትን መምህር ደቀ መዝሙራቸው እንዲህ ሲል ጠየቃቸው።

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ «ኒግል» የሚል ግሥ አገኘሁ፤ ከወዴት እንደ መጣና ምን ነቀፌታ እንዳለበት ያስረዱኝ።

መምህር፦ ልጄ፣ የእንግሊዝኛ ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ግሥ «ኒግላ» ከሚለው የኖርዌይ ቃል ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ በ17ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ሲነገር ትርጓሜው በጥቃቅን ሥራ ደክሞ ፍሬ ማጣት ነበር፤ ሰውን በትንሽ ነገር መነዝነዝ የሚለው ፍች የተከተለው ግን በ18ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ነው።

ደቀ መዝሙር፦ የእጅ ሥራና የአፍ ነገር በአንድ ግሥ እንዴት ተገናኙ?

መምህር፦ ሁለቱም ዐይን በጥቂቱ ላይ ተተክሎ ሙሉውን ሲረሳ የሚወለዱ ናቸውና። የእኛም «ነዘነዘ» ፊደሉን ደጋግሞ የሚጠራ ግሥ እንደ መሆኑ፣ ያንኑ ነገር ደግሞ ደጋግሞ የሚያነሣውን ሰው ጠባይ በድምፁ ያሳያል።

ደቀ መዝሙር፦ እንግዲያስ ለትንሹ ነገር መጠንቀቅ ኃጢአት ነውን?

መምህር፦ አይደለም። ቶልኪን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ልብ ወለድ፣ ኒግል ብሎ የሰየመው ሠዓሊ እያንዳንዱን ቅጠል ሲያሳምር ዛፉን ሳይፈጽም ለጉዞ ይጠራል፤ ነገር ግን ድካሙ በፍቅር ነበረና ደራሲው በከንቱ አላስቀረበትም። በዚህም በቆላችን፣ ውኃ በተራ በሚጠጣበት ማሳ፣ አንዱ ገበሬ ተራው ሳይደርስ በቦዩ የወደቀውን ቅጠልና ደለል በእጁ እየለቀመ ያወጣል፤ ውኃውም እስከ መጨረሻው መደብ ይደርስለታል። ሌላው ደግሞ ስለ አንድ ስንዝር ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ሲነታረክ ተራው ያልፍና ሽንኩርቱ ይጠወልግበታል። ሁለቱም ያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ የለያቸው ግን የተመለከቱበት ምክንያት ነው።

ደቀ መዝሙር፦ ለዚህ ከመጻሕፍት ምስክር አለን?

መምህር፦ አለ እንጂ፤ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 23 ጌታ ፈሪሳውያንን ትንኝን አጥርተው ግመልን በሚውጡ ሰዎች ምሳሌ ገሥጿቸዋል፤ አንተም የቆላውን ትንኝና አፋሮች ወደ ገበያችን የሚነዱትን ግመል አይተህ ያደግህ የይፋት ልጅ ነህና ልዩነቱን የሚያስረዳህ አያሻህም። ሆኖም ያን ጊዜ የነቀፈው የአዝሙድና የእንስላል አሥራት ማውጣታቸውን ሳይሆን፣ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን መተዋቸውን ነው።

ደቀ መዝሙር፦ እንግዲህ ራሴን በምን ልመርምር?

መምህር፦ ስለ ጥቂት ጉድለት ልትናገር ስትነሣ፣ ቃልህ ጉድለቱን የሚያቀና ከሆነ አንድ ጊዜ በትሕትና ተናገር፤ ወንድምህን ከማድከም በቀር የማይረባ ከሆነ ግን ተወው። ትንሹን ነገር በእጅህ አቅናው እንጂ በአፍህ አታብዛው።