የአንድ ቀን መንገድ

 

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ጾመ ነቢያት ተምረናል። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ተጀምሮ በጌታችን የልደት በዓል እንደሚፈጸም ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ደግሞ በዚህ የጾም ወራት በዓለ ልደትን ለማክበር ወደ ላሊበላ በእግራቸው ስለሚጓዙ ምእመናን እንማራለን። መንገዳቸው የብዙ ቀን ነው። እኛ ግን አንዱን ቀን ብቻ በሐሳብ አብረናቸው እንሄዳለን። ተዘጋጅታችኋል? እንግዲያውስ ነጠላችሁን ልበሱና ተከተሉኝ።

ተሳላሚ ማን ነው?

ተሳላሚ ማለት ወደ ቅዱስ ቦታ ሄዶ ደጁን የሚስም፣ በዚያም የሚጸልይና በረከት የሚቀበል ሰው ነው። ይህ ሥርዓት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በብሉይ ኪዳን ዘመን የእስራኤል ወንዶች በዓመት ሦስት ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት እንዲታዩ ታዘው ነበር (ዘዳ. 16፥16)። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከእመቤታችንና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ለፋሲካ በዓል ከናዝሬት ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቷል። ይህ መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በአገራችንም ምእመናን ከጥንት ጀምሮ ወደ ኢየሩሳሌም ይጓዙ ነበር። ነገር ግን መንገዱ እጅግ ሩቅና አድካሚ ነው፤ በረሃና ባሕር ያቋርጣል። ስለዚህ ወደዚያ መሄድ ያልቻሉ ሁሉ በአገራቸው ይሳለሙ ዘንድ ቅዱስ ላሊበላ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሠራ አባቶቻችን ያስተምሩናል። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ ጻድቅ ንጉሥ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። በዚያ ቤተ ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ አለ። ስማቸው ኢየሩሳሌምን ያስታውሰናል። ልብ በሉ ልጆች! ንጉሡ ስለ ደካሞች ሲል መንገዱን አሳጠረላቸው።

ጉዞው ይጀመራል

ከላሊበላ በስተ ደቡብ ጋሸና የምትባል ከተማ አለች። ከጋይንትና ከጎጃም በኩል የሚመጡ ብዙ ተሳላሚዎች በዚያ ያልፋሉ። ዛሬ ብዙ ሰው በመኪናና በአውሮፕላን ይሄዳል። በእግራቸው የሚጓዙት ግን ድካሙን ራሱን እንደ ጸሎት ያቀርቡታል።

ዶሮ ሲጮኽ ሁሉም ይነሣል። የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። ተጓዦቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ ከዚያም መንገድ ይጀምራሉ። ከፊት ዘንግ የያዙ አባት ይመራሉ። ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች እናት፣ በልጅ የሚመራ ዐይነ ስውር፣ ስንቅ የተሸከሙ ወጣቶች ይከተላሉ። ስንቃቸው በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። ወቅቱ ጾም ስለሆነ ትልልቆቹ ሳይቀምሱ ይጓዛሉ፤ ለሕፃናቱ ግን ቀደም ተብሎ ይሰጣቸዋል።

ረፋድ ላይ ውርጩ ይለቅና ፀሐዩ ይበረታል። መንገዱ ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል። ቁልቁለት ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም። ጉልበት ያብረከርካል፤ የእግር ጣት ከጫማ ጋር ይጋጫል። ከሰዓት በኋላ የብዙዎች እግር ውኃ ይቋጥራል። ያን ጊዜ በመዝሙር ይበረታታሉ፤ «አይዞን! አይዞን!» ይባባላሉ። በመንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎችም ውኃ ይዘው ይወጡና «በርቱ፤ በረከታችሁ ይድረሰን» ይሏቸዋል።

ማን ይጠበቅ?

አሁን አንድ ከባድ ነገር ይመጣል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ከሁሉ ኋላ የሚቀር ሰው አይጠፋም። አንዲት አሮጊት እናት እግራቸው አልታዘዝ ይላቸውና ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «ልጆቼ፣ እናንተ ቅደሙ፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» ይላሉ። ቢጨልምባቸው ውርጩ አለ፤ ጅብም አለ። ነገር ግን ሁሉም እርሳቸውን ቢጠብቅ በዓሉ ሊያመልጥ ይችላል። ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

እስኪ በሒሳብ እንየው። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ 60 ብለን እናስላ። አንድ ብርቱ ወጣት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በቀን 8 ሰዓት ተጉዞ 40 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል። አሮጊቷ እናት ግን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ በቀን 24 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እርሳቸው የሚደርሱት በሦስተኛው ቀን ነው። አስተዋይ መሪ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ማኅበሩን ከአገሩ የሚያስነሣው አንድ ቀን ቀደም አድርጎ ነው። ያ አንድ ቀን ለደካማው የተሰጠ ስጦታ ነው።

እንግዲህ ወጣቶቹ ተመልሰው «የለም እማማ፤ አብረን ወጥተናል፣ አብረን እንሳለማለን» ይሏቸዋል። አንዱ ስንቃቸውን ይቀበላል፤ ሌላው ክንዳቸውን ይደግፋል። ማኅበሩም በእርሳቸው እርምጃ ልክ ይሄዳል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ታዲያ ያም ሆኖ በዓሉ ቢያልፋቸውስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን አስታውሱ (ሉቃ. 10፥30-37)። ካህኑና ሌዋዊው የቆሰለውን ሰው አይተው አለፉ፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ። ጌታችን እንደ እርሱ አድርግ ያለው ግን ያለፉትን ሳይሆን የቆመውን ሰው ነው። ደካማን በመንገድ ጥሎ ለበዓል መድረስ በዓልን ማክበር አይደለም።

ሲመሽ

ፀሐይ ስትጠልቅ ተጓዦቹ መንደር ይደርሳሉ። በደጅ ቆመው «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ይላሉ። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይላል። ውኃ ተሞቆ እግራቸው ይታጠባል። አባታችን አብርሃም ለእንግዶቹ እግር ውኃ አቅርቧል (ዘፍ. 18፥4)። ጌታችንም የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ አጥቧል (ዮሐ. 13፥5)። የላሊበላ ከተማ ነዋሪዎችም ተሳላሚዎችን እግራቸውን አጥበው በመቀበል ይታወቃሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ልጆች፣ ሁላችንም ወደ መንግሥተ ሰማያት የምንጓዝ ተሳላሚዎች ነን። በዚህ መንገድ ቀድሞ መሮጥ ብቻውን አያስመሰግንም፤ ዘወር ብሎ ማን እንደቀረ ማየት ያስፈልጋል። እናንተም ይህን ከዛሬ ጀምራችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ ታናሽ ወንድማችሁን ጥላችሁ አትሩጡ። አያታችሁን ደረጃ ሲወጡ ደግፏቸው። በክፍላችሁ ንባብ የከበደው ጓደኛ ካለ አትሳቁበት፤ አብራችሁት አንብቡ።

የቃላት ፍች

ስንቅ፦ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ
ውርጭ፦ ሌሊት በብርድ የረጋ ጤዛ
አረጋዊ፦ ሽማግሌ፣ በዕድሜ የገፋ

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ተሳላሚ ማለት ምን ማለት ነው?
2. በላሊበላ ኢየሩሳሌምን የሚያስታውሱ ሁለት ቦታዎችን ጥቀሱ።
3. አስተዋይ መሪ ማኅበሩን አንድ ቀን ቀደም አድርጎ የሚያስነሣው ለምንድን ነው?
4. አንድ ማኅበር በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር፣ በቀን 7 ሰዓት ቢጓዝ በሦስት ቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?
5. ሉቃ. 2፥41-52ን ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡ። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት ለምንድን ነው? መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እሑድ አምጡ።

አምላካችን መንገዳችንን ያቅናልን። ደህና ሰንብቱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።